በዜሮ የሚያልቁ ቁጥሮች

በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ስሙን የሚጠራው ሰው የለም፤ ትልቁም ትንሹም «አማካይ» ነው የሚለው። ቅጽል ስሙን ያወጣለት አንድ ሥራ የፈታ ባልደረባው ነበር። የክፍሉን ሰው ሁሉ በሜትር ለካ፣ ዕድሜያቸውንም ጠየቀ፤ በቁመትም በዕድሜም ልክ መሃል ላይ የሚውለው እሱ ሆኖ ተገኘ። ስሙ ተጣብቆበት የቀረው ግን በጠባዩ ምክንያት ነው። ስብሰባ ላይ ሁለት ሰዎች ሊናከሱ ሲደርሱ «እስቲ የሁለታችሁን አማካይ እንውሰድ» ብሎ ያስቃቸውና ነገሩን ያበርደዋል። ኳስ ሜዳ ላይ ግን አማካይም ተከላካይም ሆኖ አያውቅም፤ ይህንንም ራሱ እየሳቀ ያወራው ነበር።

እንግዲህ እንዲህ ያለው ረጋ ያለ ሰው ነው እታለምን ከሥራ ያስወጣቸው።

እታለም የሚለውም ስማቸው አይደለም፤ ሁሉም በፍቅር እንደዚያ ስለሚጠራቸው ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሆስፒታል ውስጥ ረዳት ነርስ ሆነው ሠርተዋል። ኋላ ወደ ጤና ጥናት ተቋሙ መጥተው መረጃ ሰብሳቢ ሆኑ። ሰማያዊ ቦርሳቸውን በትከሻቸው አንግተው ቤት ለቤት እየዞሩ የሰው ደም ግፊት ይለካሉ። በተቋሙ ውስጥ ከእሳቸው የበለጠ ሙያውን የሚያውቅ አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም። አማካይ ገና ተማሪ ሳለ ለሁለት ወር መረጃ ሰብሳቢ ሆኖ ሲቀጠር ያሠለጠኑት እሳቸው ናቸው። ሰው ደረጃ ወጥቶ ከመጣ አምስት ደቂቃ ዝም ብሎ እንዲቀመጥ፣ እግሩን እንዳያነባብር፣ ክንዱ ጠረጴዛ ላይ እንዲያርፍ፣ ሦስት ጊዜ ተለክቶ ሦስቱም እንዲመዘገብ፣ ሁሉንም ከእሳቸው ነው የተማረው። አንድ ቀን ቸኩሎ አንዱን ሽማግሌ ቆሞ እያለ ሲለካው ቢያዩት፣ እንደ እናት ጆሮውን ይዘው ወደ ወንበሩ አመለከቱት።

የመለኪያውን ሰዓት መሳይ ክብ አነባበብ ያሳዩትም እሳቸው ነበሩ። በክቡ ላይ በየአሥሩ ትልልቅ ቁጥሮች አሉ፤ በመሃላቸው በየሁለቱ የተሰመሩ ቀጫጭን ጭረቶች አሉ። «እዚህ ላይ መቶ ሠላሳ አምስት የሚባል ነገር የለም» አሉት። «መቶ ሠላሳ አምስት ብለህ ከጻፍክልኝ ወይ አላየህም ወይ ዋሽተኸኛል።»

አማካይ ትምህርቱን ጨርሶ፣ የስታትስቲክስ ባለሙያ ሆኖ ወደዚያው ተቋም ተመለሰ። እታለም ኮሪደር ላይ ሲያገኙት «አንተ ልጅ፣ አሁንማ የኛን ቁጥር የምትፈትሸው አንተ ሆንክ» ይሉታል። እሱም በኩራት ይስቃል።

የተቋሙ ትልቁ ጥናት በከተማው ውስጥ የደም ግፊት ምን ያህል እንደተስፋፋ የሚያጣራው ነበር። በዕጣ በተመረጡ ቤቶች የሚኖሩ ከአንድ ሺህ አምስት መቶ በላይ አዋቂዎች ናሙና ተወሰደ፤ ስድስት መረጃ ሰብሳቢዎች ሰፈሮቹን ተከፋፍለው ለኩ። የመጀመሪያው ዙር ከተሠራ ሁለት ዓመት አልፎ ሁለተኛው ዙር ሲያልቅ፣ መረጃው ተጠቃሎ አማካይ ጠረጴዛ ላይ ደረሰ። ሪፖርቱ ለጤና ቢሮው የሚሰጥበት ቀን ሊደርስ የቀረው አሥራ ሁለት ቀን ብቻ ነበር።

አማካይ እንደ ልማዱ መረጃውን ከመንካቱ በፊት ጥራቱን መፈተሽ ጀመረ። አንዱ ፍተሻ ቀላል ነው። መለኪያው ሁለት ሁለት እያለ ስለሚቆጥር፣ የሚመዘገበው ቁጥር የሚያልቀው በዜሮ፣ በሁለት፣ በአራት፣ በስድስት ወይም በስምንት ነው። የሰው ደም ደግሞ ለየትኛውም አያዳላም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ከአምስት አንዱን እጅ ያህል መያዝ አለበት። የሰው ዓይንና እጅ ዜሮን ስለሚወድ ዜሮ ትንሽ ይበዛል፤ ከአራት አንዱን እጅ እስኪያህል ድረስ ማንም አይደነግጥም። የአምስቱ መረጃ ሰብሳቢዎች ቁጥር እንደዚሁ ነበር። የእታለም ግን ከስድስት መቶ አርባ ሁለት ልኬት አራት መቶ ሰማንያ አንዱ በዜሮ ያልቃል።

ፕሮግራሙ የተሳሳተ መስሎት እንደገና አሠራው። ያው ነው። ቀጥሎ ሦስቱን ልኬቶች አስተያየ። አንድ ሰው በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሦስት ጊዜ ሲለካ ቁጥሩ ከፍ ዝቅ ማለቱ አይቀርም። እታለም ከለኳቸው ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰዎች ውስጥ ከግማሽ በላዩ ግን ሦስቱም ጊዜ አንድ ዓይነት ቁጥር ነው ያላቸው። ካይ ስኩዌር የሚባለውን ፈተና ሠራ። ይህ ነገር በአጋጣሚ ብቻ የመከሰት ዕድሉ በጣም ከማነሱ የተነሣ፣ ፕሮግራሙ ቁጥሩን ትቶ «ከዚህ ያነሰ» የሚል ምልክት ብቻ አወጣለት።

አጋጣሚ አይደለም። እስከዚህ ድረስ የተሳሳተው ነገር አልነበረም። «አጋጣሚ አይደለም» ከሚለው ተነሥቶ «እቤታቸው ቁጭ ብለው ሞልተውታል» ወደሚለው የተሻገረው ግን መሻገሩን ራሱም ሳያውቀው ነው። የተጠረጠረው ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ምናልባት ረጋ ብሎ ያጣራ ነበር፤ የሚያከብራቸው ሰው በመሆናቸው ግን የተካደ ያህል ተሰማው።

ያን ዕለት ከሰዓት ሁለት ነገር በእጁ ነበር። አንደኛው ሥዕል ነው፤ ሰው ዕድሜው ሲገፋ ግፊቱ እንዴት እንደሚጨምር የሚያሳይ። የእታለም ሰዎች መስመር ልክ እንደሌሎቹ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። ቁጥር የሚፈበርክ ሰው ይህን አስተካክሎ መፈብረክ ይከብደዋል፤ አማካይም ይህን ያውቃል። «ልምድ ያላቸው ናቸው፣ ምን እንደሚጻፍ ያውቁበታል» ብሎ አለፈው። ሁለተኛው የመጀመሪያው ዙር ፋይል ነው። ኮምፒውተሩ ውስጥ ነበር፤ አልከፈተውም።

የተቋሙ ዳይሬክተር ብዙ የማትናገር፣ ወረቀት ሳታነብ የማትፈርም ሴት ነበረች። ሥራው የሚመራበት ደንብ፣ መረጃ ሰብሳቢ ከመከሰሱ በፊት ከሄደባቸው ቤቶች ከመቶ አምስቱ በዕጣ ተመርጠው ድጋሚ ይጎበኙ ይላል። እሷም ድጋሚ ጉብኝት ተደርጎ እንደሆነ ጠየቀችው። አማካይ ጊዜ እንደሌለ፣ ማስረጃውም ያለ ጉብኝት በቂ እንደሆነ ነገራት። ልቧ ሙሉ አልሆነም፤ ግን እሱ በችኮላ የሚታማ ሰው ስላልነበረ ቃሉን ተቀበለች።

እታለም በማግስቱ ተጠሩ። የስብሰባው ክፍል ጠባብ ናት፤ ረጅም ጠረጴዛ፣ ስድስት ወንበር፣ ወደ ግቢው የሚያይ አንድ መስኮት። ዳይሬክተሯ አማካይ ያወጣውን የቁጥር ወረቀት ወደ እሳቸው ገፋ አደረገችው። እታለም አንሥተው ወደ ፊታቸው አስጠጉት፣ መልሰው አራቁት፣ ወደ መስኮቱ ዞር አሉ፣ በመጨረሻም ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ምን ይላል?» አሉ።

አማካይ ይህን ሲሰማ ያላወቁ ለመምሰል የሞከሩ መሰለው፤ የባሰ ተናደደ። ዜሮዎቹን፣ አንድ ዓይነት የሆኑትን ልኬቶች፣ ፈተናውን፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ዘረዘረ። እታለም አቀርቅረው ሰሙት። ሁሉም ቤት እንደገቡ፣ አንድም ሰው ሳይለኩ እንዳልጻፉ ተናገሩ። ዳይሬክተሯ ታዲያ እሳቸው የለኩት ሰፈር ሰው ደም ብቻ በዜሮ የሚያልቀው ለምን እንደሆነ ጠየቀቻቸው። የሚናገሩት ነገር ያላቸው ይመስል አፋቸውን ከፈት አደረጉ፤ ከዚያ ተዉት። ወደ አማካይ ዞሩ።

«አንተ ልጅ፣ አንተም እንደዚያ ነው የምታስበው?»

«እኔ አይደለሁም እታለም» አለ። «ቁጥሩ ነው የሚለው።»

የስንብት ወረቀቱን ሲፈርሙ ፊርማቸው ከመስመሩ ወርዶ ባዶ ቦታ ላይ አረፈ። አማካይ እጃቸው የተንቀጠቀጠ መሰለው።

የእታለም ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰዎች ከመረጃው ተሠረዙ። ሪፖርቱ በቀኑ ወጣ፤ በከተማው ከመቶ ሃያ አራቱ አዋቂ የደም ግፊት እንዳለበት ገለጸ። አማካይ ተመሰገነ። ይባስ ብሎ የእታለምን ሠንጠረዥ ስማቸውን ሳይጠቅስ ለአዳዲስ ሠልጣኞች ማስተማሪያ አደረገው። «መረጃ ሲፈበረክ» የሚል ርዕስ ሰጥቶ፣ ያንን እንደ ግንድ የቆመ የዜሮ ዓምድ በትልቅ ስክሪን ላይ ሲያሳይ ሠልጣኞቹ ይስቃሉ። ሦስት ዓመት ሙሉ አሳቃቸው።

በሦስተኛው ዓመት አዲስ ዙር ተጀመረ። የመስክ ተቆጣጣሪዋ ስትታመም ዳይሬክተሯ አማካይን ለሁለት ሳምንት እንዲተካት ላከችው። ከቢሮ ወንበር ከወጣ ብዙ ጊዜው ነው፤ ጫማው እግሩን እየላጠው ወርክሾፖች የሚበዙበትን ሰፈር ዞረ። እታለም ያኔ የለኩበት ሰፈር ነበር። እዚያ፣ አንድ ጠባብ ሱቅ ውስጥ፣ ሸምገል ያለ ልብስ ሰፊ አገኘ። መለካት ሊጀምር ሲል ሰውየው ከስፌት መኪናው በላይ ግድግዳው ላይ በስፒል የተሰካ ካርድ አሳየው።

ካርዱ ላይ በትልልቁ፣ ለልጅ እንደሚጻፍ ተደርጎ፣ «180 በ110፤ ነገውኑ ሐኪም ቤት ይሂዱ» የሚል ተጽፏል። ከሥሩ የጤና ጣቢያው ወረቀት ተያይዟል፤ በማግስቱ የተለካ ነው፤ 178 በ112 ይላል።

አማካይ የካርዱን ቀን ሁለት ጊዜ አነበበው። ጽሕፈቱን ያውቀዋል፤ የእታለም ነው።

«እኚያ እናታችን ደኅና ናቸው?» ሲል ልብስ ሰፊው ጠየቀው። «ባለ ሰማያዊ ቦርሳዋ። እሳቸው ባይኖሩ እኔ ዛሬ አፈር ነበርኩ።»

አማካይ ከሥራ እንደወጡ ነገረው፤ በምን ምክንያት እንደወጡ ግን አልተናገረም። ልብስ ሰፊው ጨዋታ የሚወድ ሰው ነበርና ቀጠለ። እታለም መለኪያውን አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው፣ በሩ አጠገብ ብርሃን ፈልገው ሲያነቡ አይቷቸዋል። ሲገቡ የመኪናው ፔዳል አደናቅፏቸው ሊወድቁ ነበር። እሱም በሥራው ዓይን ማለት ምን ማለት እንደሆነ ስለሚያውቅ፣ ክር ማስገባት ያቃተው ሰው ምን እንደሚመስል ስለሚያውቅ፣ ወዲያው ገባው። ዓይናቸውን እንዲታዩ ለመናቸው። «ይህ ዙር ይለቅና» ብለውት ሄዱ።

አማካይ ልብስ ሰፊውን ለካው፤ ሦስቱንም መዘገበ። ውጭ ሲወጣ የሱቁ ደረጃ ላይ ተቀመጠ።

ከዚያ ወዲያ ያኔ ማድረግ የነበረበትን አደረገ። የተሠረዙትን ሰዎች ዝርዝር አውጥቶ፣ ከሁለት መቶ አሥራ አራቱ አሥራ አንዱን በዕጣ መረጠ። ሁለት ቀን ፈጀበት። ሁለቱ ሰፈር ቀይረዋል። ዘጠኙ ግን ተገኙ፤ ዘጠኙም እታለምን ያስታውሷቸዋል። አንዷ ልጆቹን ዝም እንዳሰኙባት፣ ሌላው እግሩን እንዳነባበረ ሲያዩት እንደተቆጡት፣ አንድ ጎረምሳ ሦስት ጊዜ መለካቱ ሰልችቶት ሲነሣ እጁን ይዘው እንዳስቀመጡት ነገሩት። ሁለት ቀን ሙሉ ይህን ሲሰማ ዋለ፤ ከመጨረሻው ቤት ሲወጣ አንገቱን ደፍቶ ነበር።

ቢሮ ሲመለስ የመጀመሪያውን ዙር ፋይል ከፈተው። የስድስቱ መረጃ ሰብሳቢዎች የመጨረሻ አሃዝ በስድስት መስመር ተዘረጋለት። ከሁሉም እኩል የተበተነው፣ ለየትኛውም አሃዝ ያላደላው፣ የእታለም ነበር። ይህንን ያኔ ቢያየው ኖሮ የሚጠይቀው ጥያቄ ሌላ ይሆን ነበር፤ በሁለት ዓመት ውስጥ እኚህ ሴት ምን ነካቸው ይል ነበር። ወይ አላየህም ወይ ዋሽተኸኛል ብለውት ነበር። ሁለቱንም መንገድ ራሳቸው አስተምረውት፣ እሱ አንዱን ብቻ ይዞ ፈረደባቸው።

እታለም ከልጃቸው ጋር እንደሚኖሩ ሰምቶ፣ አድራሻውን አፈላልጎ ቅዳሜ ጠዋት ሄደ። የእታለምን ስም የሚያድስ ደብዳቤ ጽፎ ይዟል። በሩን የከፈተችው ልጃቸው መምህርት ናት፤ ማን እንደሆነ ሲነግራት በሩን እንደያዘች ቆመች።

«የቁጥሩ ሰውዬ አንተ ነህ?»

«አዎ እህቴ። እኔ ነኝ።»

ልትዘጋበት ቃጥቷት ነበር። ከውስጥ የእናቷ ድምፅ «ማነው?» ባይል ኖሮ ትዘጋበትም ነበር።

እታለም መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል። ፊታቸው ወደ በሩ ዞሯል፤ ዓይናቸው ግን እሱ ከቆመበት ትንሽ ወደ ግራ ነው የሚያየው። ሰላምታ ሲሰጣቸው በድምፁ አወቁትና «አንተ ልጅ» አሉ።

የሆነውን የነገረችው ልጃቸው ናት። ግላኮማ ነው፤ የዓይን ግፊት። ከሥራ ከተባረሩ በኋላ እናቷ ሰባት ወር ከቤት አልወጡም። ሐኪም ቤት እንሂድ ስትላቸው፣ እዚያ የሚያውቃቸው ሰው ሁሉ ለምን ሥራ እንደለቀቁ ይጠይቃል ብለው እምቢ ይላሉ። ሃያ ሁለት ዓመት የሠሩበት ቤት ነዋ። በመጨረሻ እየጎተተች ስትወስዳቸው፣ ሐኪሙ ቀደም ብለው ቢመጡ በየቀኑ የሚደረግ ጠብታ ያቆመው እንደነበር ነገራቸው። አሁን ጥላና ብርሃን ይለያሉ፤ ሌላ የለም።

አማካይ በሥራው ሁልጊዜ የሚጠይቀው ጥያቄ አለ፤ ይህ ነገር ባይደረግ ኖሮ ምን ይሆን ነበር የሚል። ለዚያ ነው ጥናት ውስጥ መድኃኒቱን የማይወስድ ማነጻጸሪያ ቡድን የሚኖረው። ያ የስንብት ወረቀት ያልተሰጣቸው ሌላ እታለም ግን የትም የሉም። ያንን ሰባት ወር ባይሸሸጉ ኖሮ ዓይናቸው ይተርፍ ነበር ወይስ አይተርፍም፣ ምን ያህሉ የእሱ ነው፣ ምን ያህሉ የበሽታው፤ ይህንን ዕድሜውን ሙሉ ቢቀምር አያገኘውም። ይህን እያሰበ ቆሞ ሳለ እታለም ወንበር እንዲይዝ ነገሩት።

«ዜሮዎቹን የጻፍኳቸው እኔ ነኝ» አሉ፤ ተረጋግተው። «ትንንሾቹ ጭረቶች ጠፍተውብኝ ነበር። መርፌው ለትልቁ ቁጥር ቀረብ ያለ ሲመስለኝ ያንን እጽፋለሁ። መናገር ነበረብኝ። ዓይኗ ደከመ ብለው ያስቀምጡኛል ብዬ ፈራሁ። ይኼ የኔ ጥፋት ነው፣ ለማንም አልሰጠውም። ቤት ሳትገባ ጻፈች ያልከው ግን የኔ አይደለም።»

አማካይ ያ የእሱ ጥፋት እንደሆነ ተናገረ። ይቅርታ ለመጠየቅ መንገድ ሁሉ ሲያጠናው የመጣው ንግግር ነበረው፤ ግማሹን ብሎ ተወው። እታለም አላጽናኑትም፤ አልተቆጡትምም። በእጁ ያለው ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ሰምተው ምን እንደሆነ ጠየቁ። ደብዳቤ መሆኑን፣ በተቋሙ ሰሌዳ ላይ የሚለጠፍና ለሁሉም ክፍል የሚበተን መሆኑን ነገራቸው። እንዲያነብላቸው ጠየቁት።

«በመረጃ ጥራት ምርመራው ሂደት ላይ በተፈጠረ ክፍተት ምክንያት…» ብሎ ጀመረ።

«ቆይ» አሉት። «ማነው የፈጠረው?»

«እኔ።»

«እንግዲያው እንደሱ ብለህ ጻፈው።»

ልጃቸው ምንም ሳትል እስክሪብቶ አቀበለችው። አማካይ መስመሩን ሰርዞ ከላዩ ጻፈ፤ «እኔ፣ የስታትስቲክስ ክፍሉ ባለሙያ፣ ደንቡ የሚያዘውን ድጋሚ ጉብኝት ሳላደርግ፣ ያልተረጋገጠ ነገር አረጋግጫለሁ ብዬ ተናግሬ…» እያለ። እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር ጮክ ብሎ ያነባል፤ እታለም «ይቀጥል» ወይም «ይኼ ደግሞ ማንን ነው?» ይላሉ። አንድ ገጽ ለማረም አንድ ሰዓት ፈጀባቸው። ሲያልቅ ምስጋናም ምርቃትም አልነበረም።

ለመሄድ ሲነሣ እታለም ሌላ ነገር ጠየቁ።

«በጣም ከፍ ያለ የተገኘባቸው ሰዎችስ? ስልክ ተደወለላቸው?»

በጥናቱ ደንብ ግፊታቸው ከመቶ ስልሳ በላይ የሆነ ሰዎች በሁለት ሳምንት ውስጥ ስልክ ተደውሎላቸው ወደ ሐኪም ይላካሉ። ያ የስልክ ዝርዝር የወጣው ከተጣራው መረጃ ነው። የእታለም ሰዎች ደግሞ ሁሉም ተሠርዘዋል። በሦስት ዓመት ውስጥ ይህ አንድ ጊዜም አልታሰበውም።

«አልተደወለላቸውም» አለ።

ከመጣ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የእታለም ፊት ተለወጠ። «ሠላሳ አንድ ነበሩ» አሉ። «ለአንድ ልብስ ሰፊና ለጥቂት ሰዎች ካርድ ጻፍኩላቸው። ኋላ ካርዱ አለቀብኝ። ለሌሎቹ፣ ስልክ ይደወልላችኋል፣ ጠብቁ፣ ብያቸው ነው የመጣሁት።»

ዳይሬክተሯ ደብዳቤውን ሳታንገራግር ፈረመችው፤ በዚያው ወረቀት ላይ የራሷንም ስም እንዲያስገባ ጠየቀችው፤ ጉብኝት ሳይደረግ የፈረመችው እሷ ነበረችና። የሪፖርቱ ማረሚያም ወጣ። የእታለም ሰዎች ወደ መረጃው ሲመለሱ የከተማው ቁጥር ከሃያ አራት ወደ ሃያ ስድስት ከፍ አለ፤ ይህን ያህል አያስደነግጥም። የዚያ ሰፈር ብቻውን ሲታይ ግን ከመቶ ሠላሳ ስምንት ነው። ቁጥሮቹ የተጠጋጉ ስለሆኑ «ግፊት አለበት» የሚያሰኘው ድንበር ላይ ያሉትን ሁሉ ቀንሶ ቢያሰላውም ከሌሎቹ ሰፈሮች በላይ ነው። ያ መረጃ በዕጣ የጎደለ መረጃ አልነበረም፤ ከከተማው የባሰ የታመመው ሰፈር ነው ተቆርጦ የወደቀው። ጤና ቢሮው በዚያ ሪፖርት ተመርቶ አዲሱን የግፊት ክሊኒክ በከተማው ሌላ ጫፍ ላይ ከከፈተው ሁለት ዓመት አልፎታል።

አማካይ የማስተማሪያውን ስላይድ አጠፋው። በቦታው እውነተኛውን ታሪክ ለሠልጣኞቹ ለመንገር ግን እስካሁን አፉን አልከፈተም።

ከሥራ ሲወጣ የሠላሳ አንዱን ሰዎች ዝርዝር ይዞ መዞር ጀመረ። የስልክ ቁጥሮቹ ብዙዎቹ ስለተቀየሩ በእግር ነው የፈለጋቸው። እሑድ እሑድ ለእታለም ይደውላል። ያገኛቸውን አንድ በአንድ ይነግራቸዋል፤ እሳቸው ሰዎቹን በቤታቸው ያውቋቸዋል፤ ባለ ሦስት በሩ፣ ጋራዡ ጀርባ ያለው፣ መንትዮች ያሏት። አሥራ ዘጠኙ በራሳቸው መንገድ ሐኪም ዘንድ ደርሰው መድኃኒት ይወስዳሉ። ስድስቱ ምንም አላወቁም ነበር፤ እዚያው ለክቶ አብሯቸው ጤና ጣቢያ ሄደ። ሦስቱ የት እንደገቡ የሚያውቅ የለም። ሁለቱን ስትሮክ መቷቸዋል፤ አንደኛው ዳቦ ጋጋሪ ግራ እግሩን እየጎተተ በሩን ከፈተለት።

የቀረችው በመጨረሻ የሄደባት ናት፤ የሕንፃ ደረጃ የምታጸዳ ሴት። በሩን የከፈተው ባሏ ነበር። ከዓመት ከመንፈቅ በፊት ሥራ ላይ ሳለች ወድቃ፣ በሁለተኛው ቀን እንዳረፈች ነገረው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ አልጮኸበትም። ስልክ ይደወላል ስለተባለ ስልኩን ለብዙ ጊዜ ከኪሷ እንደማትለየው፣ ኋላ ግን ካልደወሉ ደኅና ብሆን ነው ብላ እንደተወችው ብቻ አጫወተው። አማካይ ያልተደወለው በእሱ ምክንያት እንደሆነ ነገረው፤ ሰውየው በደንብ የገባው አልመሰለም፤ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።

ያን እሑድ ለእታለም ደውሎ ነገራቸው።

«ሦስተኛ ፎቅ የነበረችው?» አሉት። «መስኮቷ ላይ አበባ የነበራት?»

«እሷ ናት።»

ሌላ የቀረ ሰው እንዳለ ጠየቁት፤ እንደሌለ ነገራቸው።

«በል እንግዲህ፣ አለቀ ማለት ነው» አሉ።

ስለ ጤንነታቸው ሊጠይቅ ሲጀምር ስልኩን ለልጃቸው ሰጧት። መምህርቷ እናቷ እንደደከማቸው ነገረችው፤ በትሕትና ተሰናብታው ዘጋች።

በሚቀጥለው እሑድ በዚያው ሰዓት ስልኩን አንሥቶ ተቀመጠ። ዝርዝሩን ከኪሱ አውጥቶ አየው፤ ሠላሳ አንዱም መስመር ምልክት ተደርጎበታል። የሚነግራቸው ሰው አልነበረውም። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።